ከጠረጴዛው ሥር፦ አንድ ቅዳሜ በላንካስተር

ቤታችሁ የሚዘረጋ የምግብ ጠረጴዛ ካለ፣ ምናልባት በዓመት አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ትከፍቱት ይሆናል፦ ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለኢድ፣ ለልደት፣ ዘመድ ከሩቅ አገር ሲመጣ። አንድ ሰው ከዚህ ጫፍ፣ ሌላው ከዚያ ጫፍ ይዞ ይስባል። ጠረጴዛው መሐል ለመሐል ይከፈላል። ከአልጋ ሥር ወይም ከቁም ሣጥን ጀርባ ተጨማሪው ጣውላ ይመጣና ክፍተቱን ይሞላል። ከዚያ የጠረጴዛ ልብስ ይነጠፋል፤ ሳህን ይደረደራል። ከዚህ በኋላ ስለ ጠረጴዛው የሚያስብ ሰው የለም። ሰው ሁሉ የሚያስበው ስለ ዶሮ ወጡ ነው።

እኔ ግን ሰው ቤት ስጋበዝ ጎንበስ ብዬ የጠረጴዛውን ሥር የማየት ልማድ አለኝ። ሙያዬ የሶፍትዌር ምህንድስና ነው። ሥራችን በአብዛኛው ለሚመጣ ሰው ቦታ ማዘጋጀት ነው፤ ዛሬ መቶ ሰው የሚጠቀምበት ነገር፣ ነገ አንድ ሺህ ሰው ሲመጣበት እንዳይሰበር አድርጎ መሥራት። የሚዘረጋ ጠረጴዛም ጥያቄው ይኸው ነው። ለአራት ሰው የተሠራ ነገር አሥራ ሁለት ሰው ሲመጣ እንዴት ይችላል? ደግሞስ እንግዶቹ ሲሄዱ እንዴት ተመልሶ ትንሽ ይሆናል?

ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች አንዱ፣ ምናልባትም ዝነኛው፣ የሰሜን ምዕራብ እንግሊዟ ትንሽ ከተማ የላንካስተር ሰዎች መልስ ነው። ለሥራ ማንቸስተር ሄጄ አንድ ቅዳሜ ሲተርፈኝ ባቡር ተሳፈርኩና ላንካስተር ወረድኩ። መንገዱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው።

ዳኞቹ ያድሩበት የነበረው ቤት

የላንካስተር ባቡር ጣቢያ ከኮረብታ ግርጌ ነው። ከጣቢያው ወጥታችሁ ዳገቱን ስትጀምሩ ፊት ለፊት የምታዩት ትልቅ የድንጋይ ግንብ ነው። ግንቡ ለዘመናት ፍርድ ቤትም እስር ቤትም ሆኖ አገልግሏል። እስር ቤትነቱ ያበቃው በ2011 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከግንቡ ማዶ ቁልቁል ትንሽ ወረድ ስትሉ በ1625 አካባቢ የተሠራ የድንጋይ ቤት ታገኛላችሁ። ስሙ ጃጅስ ሎጂንግስ ይባላል፤ የዳኞች ማረፊያ ማለት ነው። ከሌላ ከተማ ለችሎት የሚመጡት ዳኞች እስከ 1975 ድረስ የሚያድሩት እዚህ ነበር። አሁን ሙዚየም ሆኗል። ሙዚየሙ በተለይ የሚታወቀው ጊሎው በተባለ የላንካስተር ድርጅት በተሠሩ የቤት ዕቃዎች ነው።

ድርጅቱን በ1730 ገደማ የመሠረተው ሮበርት ጊሎው የሚባል አናጢ ነው። ልጁ ሪቻርድ ደግሞ አናጢ ብቻ ሳይሆን የሕንፃ ንድፍ አውጪም ነበር። ቤተሰቡ የሠራው ወንበር፣ ጠረጴዛና ቁም ሣጥን በእንግሊዝ ሀብታሞች ዘንድ ተፈላጊ ሆነ። በ1769 ለንደን ውስጥ፣ ዛሬ ኦክስፎርድ ስትሪት በሚባለው ጎዳና ላይ፣ ሁለተኛ ሱቅ ከፈቱ።

በሙዚየሙ የምግብ ክፍል ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ አለ። ሰው ሁሉ የሚያየው ላዩን ነው፤ ሳህኑን፣ ብርጭቆውን፣ እንደ መስታወት የሚያበራውን እንጨት። አንድ ስድስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ግን ከእኔ ቀድሞ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ሥሩን ያይ ነበር። እናቱ ተነስ እያለች እጁን ትስበዋለች። እኔ ልክ ነህ በርታ ልለው ነበር፤ እናቱን ፈራሁና ዝም አልኩ። የእንዲህ ያለ ጠረጴዛ ዋናው ጥበብ ከሥር ነው ያለው።

ከጊሎው በፊት

ጠረጴዛን ለማስረዘም ሰዎች ብዙ ነገር ሞክረዋል። በ16ኛው መቶ ዘመን ይሠራ የነበረ አንድ ዓይነት ጠረጴዛ ከላይኛው ገበታ ሥር ሁለት ጣውላዎች ተደብቀውበት ነበር፤ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ። ጣውላዎቹ እንደ መሳቢያ ይሳባሉ። ግን አንድ ችግር አለ። የተደበቀው ጣውላ ከዋናው ገበታ ዝቅ ብሎ ነው ያለው። ሲሳብ እንዴት እኩል ይሆናል?

መልሱ በጣም ቀላል ነው። ጣውላውን የሚሸከሙት ሁለት እንጨቶች ተዳፋት ተደርገው ይጠረባሉ፤ አንደኛው ጫፋቸው ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን ይሆናል። የጣውላው ውፍረት 2 ሴንቲሜትር ከሆነ፣ ጣውላው 60 ሴንቲሜትር ተስቦ እስኪወጣ ድረስ ቀስ እያለ 2 ሴንቲሜትር ከፍ ይላል። ዋናው ገበታ በምስማር ስላልተመታ ለጊዜው ትንሽ ይነሳል፤ ጣውላው ወጥቶ ሲያልቅ ተመልሶ ይወርዳል። ሁለቱ እኩል ይሆናሉ። ማጠፊያ የለም፤ ብሎን የለም፤ ያለው ተዳፋት ብቻ ነው። ዛሬም በዚህ መንገድ የሚሠሩ ጠረጴዛዎች አሉ።

ይህ ጠረጴዛ ግን ገደብ አለው። ሁለቱ ጣውላዎች ከዋናው ገበታ ሥር መግባት ስላለባቸው እያንዳንዳቸው ከገበታው ግማሽ ሊበልጡ አይችሉም። ስለዚህ ጠረጴዛው ቢበዛ እጥፍ ሊሆን ቢችል ነው። ከዚያ በላይ እንግዳ ቢመጣስ?

በ18ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ሀብታሞች ያደርጉት የነበረው ብዙ ትንንሽ ጠረጴዛዎችን ገጥሞ አንድ ረጅም ጠረጴዛ ማድረግ ነበር። ሁለት ግማሽ ክቦች በሁለቱ ጫፍ፣ አራት ማዕዘኖች በመሐል። ይህ ርዝመት ይሰጣል፤ ግን እያንዳንዱ ቁራጭ የራሱን እግር ይዞ ይመጣል። አራት ቁራጭ ከሆነ አሥራ ስድስት እግር ማለት ነው። የሚቀመጠው ሰው ጉልበቱን የት ያድርግ? መሐል የደረሰው እንግዳ ራቱን የሚበላው የጠረጴዛ እግር ታቅፎ ነው።

የ1800 መልስ

በ1800 ሪቻርድ ጊሎው በሚል ስም አንድ ፓተንት ተመዘገበ። ፓተንት ማለት አንድን አዲስ አሠራር ለተወሰነ ዘመን ሌላ ሰው እንዳይቀዳው መንግሥት የሚሰጠው መብት ነው። የፓተንቱ ዓላማ ሁለት ነበር፦ የጠረጴዛውን እግሮች መቀነስ፣ መዘርጋቱንና መዝጋቱን ደግሞ ማቅለል።

መፍትሔው ተንሸራታች እንጨቶች ናቸው። አንዱ እንጨት ጎኑ ላይ ረጅም ቦይ አለው። ጎረቤቱ ደግሞ በዚያ ቦይ ውስጥ የሚገባ ረጅም ምላስ አለው። ቦዩ ውስጡ ሰፊ፣ አፉ ጠባብ ስለሆነ ምላሱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል እንጂ ወደ ጎን አይወጣም። ጃኬታችሁ ላይ ያለውን ዚፕ አስቡት፤ ያዡ በመስመሩ ላይ ይንሸራተታል፣ ከመስመሩ ግን አይወጣም። ፓተንቱ ተንሸራታቾቹ ከእንጨትም ከብረትም ሊሠሩ እንደሚችሉ፣ ትንንሽ መንኮራኩርም ቢኖራቸው ባይኖራቸውም እንደሚሆን ይናገራል።

ዋናው ቁም ነገር እንጨቶቹ ሁለት ብቻ አለመሆናቸው ነው። ሦስት፣ አራት፣ ከዚያም በላይ ጎን ለጎን ይደረደራሉ። ሲሳቡ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይወጣል፣ ልክ እንደ ድሮ ሬዲዮ አንቴና። ስለዚህ ጠረጴዛው በእጥፍ አይቆምም።

እስቲ በቁጥር እንየው። እያንዳንዳቸው 1 ሜትር የሆኑ 4 ተንሸራታቾች አሉን እንበል። ሙሉ በሙሉ ተላቀው ቢወጡ ጠረጴዛው ይወድቃል፤ ስለዚህ ተከፍተውም ቢሆን በየመገናኛው 30 ሴንቲሜትር ያህል ተደራርበው መቅረት አለባቸው። መገናኛዎቹ 3 ናቸው። 4 ሜትር ሲቀነስ 90 ሴንቲሜትር፣ 3 ሜትር ከ10 ይሆናል። አንድ ሰው ለመብላት 60 ሴንቲሜትር ያህል ስፋት ይበቃዋል። ተዘግቶ ጫፎቹን ጨምሮ 4 ሰው የሚያስቀምጠው ጠረጴዛ፣ ተዘርግቶ 12 ሰው ያስቀምጣል። መሐሉ ላይ በቂ ጣውላ መኖር ብቻ ነው የሚፈልገው።

ማስመሪያና መጥረጊያ

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። እግሮቹ ከቀነሱ መሐሉ ለምን አይጎብጥም? አሥራ ሁለት ሳህን፣ ድስት፣ የሰው ክርን፣ በበዓል ቀን ደግሞ የሚደገፍበት አጎት አለ።

በቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ረጅም ማስመሪያ ውሰዱና በሁለት መጽሐፎች መካከል እንደ ድልድይ አስተኙት። በጣታችሁ ስትጫኑት ይጎብጣል። አሁን ያንኑ ማስመሪያ በጠርዙ አቁሙትና ተጫኑት። ንቅንቅ አይልም። እንጨቱ ያው ነው፤ የተለወጠው አቋቋሙ ብቻ ነው። ምክንያቱ ይህ ነው፦ የአንድ አግዳሚ ቁመት እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው ስምንት እጥፍ ይሆናል። በተቃራኒው ደግሞ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን በዚያው ክብደት የሚጎብጠው ስምንት እጥፍ ነው። ለዚህ ነው የጠረጴዛ ተንሸራታቾች በጠርዛቸው የሚቆሙት፤ ቀጭን ናቸው፣ ግን ቁመት አላቸው። ጠረጴዛው በጣም ረጅም ከሆነ ደግሞ መሐሉ ላይ አንድ ተጨማሪ እግር መጨመር ግድ ይሆናል።

ሁለተኛው ሙከራ በመጥረጊያ ነው። ባለ ረጅም እጀታ መጥረጊያ በአንድ ጫፉ በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ አግድም ዘርጉት። ሁለቱ እጆቻችሁ ተራርቀው ከሆነ ቀላል ነው። እጆቻችሁን አጠጋጓቸው። መጥረጊያው ያው ነው፣ እጃችሁ ግን ይንቀጠቀጣል። በሁለቱ እጆቻችሁ መካከል ያለው ርቀት፣ በጠረጴዛው ላይ ተንሸራታቾቹ የተደራረቡበት ርዝመት ማለት ነው። መደራረቡ በግማሽ ሲቀንስ በመገናኛው ላይ ያለው ጫና እጥፍ ይሆናል። ርካሽ ጠረጴዛ ሲዘረጋ መሐሉ ወደ ታች የሚያዘነብለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ ሠሪው ቁመናውን ለማስረዘም ከመደራረቡ ላይ ቆርጧል።

ዛሬ የምንገዛቸው ብዙ ጠረጴዛዎችም በዚሁ መንገድ የሚሠሩ ናቸው። እንጨቱ በብረት ሐዲድ ተተክቷል። አንዳንዶቹ መሐላቸው ላይ ጥርስ ያለው ትንሽ መንኮራኩር አላቸው፤ አንዱን ጫፍ ስትስቡ ሌላውም ጫፍ በራሱ እኩል ይሄዳል። ጣውላዎቹ ጎን ላይ የምታዩዋቸው ትንንሽ ችንካሮች ደግሞ ጌጥ አይደሉም። አንዱ ጣውላ ከጎረቤቱ ከፍና ዝቅ እንዳይል የሚይዙት እነሱ ናቸው።

ክብ ጠረጴዛና መሶብ

ክብ ጠረጴዛ ማስፋት ግን ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። መሐሉን ስባችሁ ጣውላ ብትጨምሩበት ክብነቱ ይጠፋል፤ እንቁላል ይመስላል። በ1835 ለንደን ውስጥ ሮበርት ጁፕ የተባለ ሰው ለዚህም መልስ አገኘና ፓተንት አወጣ። የጁፕ ጠረጴዛ እንደ ድፎ ዳቦ በ8 ቁራጭ የተቆረጠ ነው። ገበታውን ይዛችሁ ስታዞሩት ስምንቱም ቁራጮች በአንድ ጊዜ ወደ ውጭ ይሸሻሉ። በመካከላቸው በተፈጠረው ክፍተት ጣውላዎች ይገባሉ። ጠረጴዛው ይሰፋል፣ ግን ክብ እንደሆነ ይቀራል።

ይህን ሳነብ መሶብ ትዝ አለኝ። መሶብም ክብ ነው፤ ግን የሚሰፋ መሶብ አይቼ አላውቅም። ለምን? ሒሳቡን ብንሠራው ምክንያቱ ይገኛል። ዲያሜትሩ 1 ሜትር ከ20 የሆነ ክብ ጠረጴዛ ዙሪያው 3 ሜትር ከ77 ነው፤ 6 ሰው ያስቀምጣል። 1 ሜትር ከ80 ብናደርገው 9 ሰው ያስቀምጣል፤ መሐሉ ግን ከእያንዳንዱ ሰው 90 ሴንቲሜትር ይርቃል። ለየራሱ ሳህን ላለው ሰው ይህ ችግር የለውም። ከአንድ ትሪ ለሚበላ ሰው ግን ወጡ ከእጁ ራቀ ማለት ነው። መሶብ መጠኑን የሚወስነው የሰው ክንድ ነው። ስለዚህ እንግዳ ሲበዛ መሶቡ አይሰፋም፤ ሰዎቹ ናቸው የሚጠጋጉት። ትከሻቸውን ወደ ጎን አድርገው አንድ እጃቸውን ብቻ ያስገባሉ። ከዚያም ከበዛ ሌላ መሶብ ይቀርባል።

አብዛኞቻችሁ ያደጋችሁት ሁለቱም ባሉበት ቤት ነው። ሳሎን ውስጥ የሚዘረጋው ጠረጴዛ አለ፤ ጥግ ላይ መሶቡ አለ። አንዱ ለእንግዳ ቦታ የሚሰጠው ዕቃውን በማስፋት ነው፤ ሌላው ሰዎቹን በማጠጋጋት። የምህንድስና ትምህርት ቤት ውስጥ የሚያስተምሩት የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ሁለተኛውን ከቤት ነው የምንማረው።

እንጨቱ ከየት መጣ?

እስካሁን ያልነካሁት አንድ ነገር አለ። ተንሸራታች እንጨት የሚሠራው እንጨቱ ቅርጹን ከጠበቀ ብቻ ነው። እንጨት በእርጥበት ወቅት ያብጣል፣ በደረቅ ወቅት ይሸሻል። ቦዩ ውስጥ ያለው ምላስ ትንሽ ቢያብጥ ጠረጴዛው ይነክሳል፤ ሁለት ሰው ቢጎትተውም አይከፈትም። ስለዚህ የማይጣመም፣ ብዙም የማያብጥ፣ ጠንካራ እንጨት ያስፈልጋል። ለጣውላዎቹ ደግሞ ከአንድ ግንድ ሰፊ ሆኖ የሚወጣ እንጨት ቢገኝ ይመረጣል። ይህን ሁሉ የሚያሟላ አንድ እንጨት ነበር፦ ማሆጋኒ የሚባለው ቀይ ቡናማ እንጨት። ማሆጋኒ በእንግሊዝ አይበቅልም። ይመጣ የነበረው ከካሪቢያን ደሴቶችና ከመካከለኛው አሜሪካ ነው።

ከሙዚየሙ ወጥቼ ወደ ወንዙ የወረድኩት ለዚህ ነበር። ከግንቡ አጠገብ ካለው ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ቁልቁል የሚወስድ የእግር መንገድ አለ። ታች ሉን የሚባለው ወንዝ ይገኛል። የላንካስተር ስም ራሱ ከዚህ ወንዝ ጋር የተያያዘ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ወንዙ ይጎድልና ጭቃው ይታያል፤ ባሕሩ ሲመለስ ወንዙም ይሞላል። ዳር ዳሩን ሴንት ጆርጅስ ኪ የሚባለው የድሮው ወደብ አለ። ረጃጅም የድንጋይ መጋዘኖቹ ዛሬ መኖሪያ ቤቶች ሆነዋል። በመካከላቸው አራት ዓምዶች ያሉት የሚያምር ሕንፃ ቆሟል። የድሮው ጉምሩክ ነው። በ1764 ንድፉን ያወጣው ያው ሪቻርድ ጊሎው፣ የአናጢው ልጅ ነው። አሁን የባሕር ጉዞ ታሪክ ሙዚየም ነው።

ጊሎዎች በዚህ ወደብ በኩል ማሆጋኒ ያስገቡ ነበር። የሠሯቸውን የቤት ዕቃዎችም በዚሁ በኩል በካሪቢያን ለነበሩ የእርሻ ባለቤቶች ይልኩ ነበር። በእነዚያ እርሻዎች ላይ የሚሠሩት ከአፍሪካ በግድ የተወሰዱ ሰዎች ነበሩ። ላንካስተር ራሷ በ18ኛው መቶ ዘመን ከሊቨርፑል፣ ከለንደንና ከብሪስቶል ቀጥላ በእንግሊዝ 4ኛዋ የባሪያ ንግድ ወደብ ነበረች።

ማሆጋኒውን የሚቆርጡትም ባሪያ የተደረጉ ሰዎች ነበሩ። የጃማይካ ማሆጋኒ እየተመናመነ ሲሄድ ቆረጣው በብዛት የተካሄደው ዛሬ ቤሊዝ በምትባለው አገር ነው። ማሆጋኒ እንደ ባሕር ዛፍ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ አይበቅልም፤ አንዱ እዚህ፣ አንዱ ሩቅ እዚያ ነው። ስለዚህ ከመካከላቸው ጫካውን የሚያውቅ አንድ ሰው ረጅም ዛፍ ላይ ይወጣና የማሆጋኒውን ቅጠል በቀለሙ ይለያል። ወርዶም መንገዱን ያሳያል። ሌሎቹ ይቆርጣሉ። ግንዱን በበሬዎች ወደ ወንዝ የሚጎትቱት በበጋ፣ በሌሊት፣ በችቦ ብርሃን ነበር። ቀን ሙቀቱ አያስችልም ነበርና። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ ግንዱ ተንሳፎ ወደ ባሕር ይወርዳል።

በላንካስተር ወንዝ ዳር በ2005 የቆመ አንድ መታሰቢያ አለ። ሠሪው ኬቨን ዳልተን ጆንሰን ነው። በመታሰቢያው ላይ ከዚህች ከተማ ለባሪያ ንግድ የሄዱ መርከቦች ስም፣ የካፒቴኖቻቸው ስምና እያንዳንዳቸው የጫኗቸው አፍሪካውያን ቁጥር ተጽፏል። ቆሜ አንድ በአንድ አነበብኩት። መርከቡ ስም አለው። ካፒቴኑ ስም አለው። የተጫኑት ሰዎች ቁጥር ናቸው።

ይህ ከሌላ መዝገብ ጋር ሲነጻጸር የበለጠ ያስደንቃል። የጊሎው ድርጅት መዝገቦች ለንደን ውስጥ በዌስትሚንስተር ከተማ መዝገብ ቤት ተቀምጠዋል። በእነዚያ መዝገቦች ውስጥ የጠረጴዛውና የወንበሩ ሥዕል አለ፤ ለእንጨቱ ስንት፣ ለሥራው ስንት እንደተከፈለ አለ። ብዙ ቦታ ላይ ዕቃውን የሠራው አናጢ ስም ጭምር አለ። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት አንድን ወንበር ማን እንደሠራው ማወቅ ይቻላል። የወንበሩን እንጨት ማን እንደቆረጠው ግን አይታወቅም። መዝገብ መያዝ የማይችሉ ሰዎች አልነበሩም። ሳንቲሟ ሳትቀር ጽፈዋል። የእነዚያን ሰዎች ስም መጻፍ ግን አስፈላጊ ሆኖ አልታያቸውም።

እኔ ይህን የምጽፈው የጊሎውን ንድፍ ለማናናቅ አይደለም። ንድፉ ድንቅ ነው፤ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ አልፎት እስካሁን እንጠቀምበታለን። ነገር ግን ያ ቦይና ያ ምላስ ሳይነካከሱ የተንሸራተቱት በንድፉ ብቻ አይደለም፤ በእንጨቱም ጭምር ነው። እንጨቱ ደግሞ በሰው ጉልበት ነው የመጣው። ሰዎቹን ትቶ ስለ ንድፉ ብቻ የሚያወራ መሐንዲስ የሥራውን ግማሽ ብቻ ነው የሚያውቀው። ይህ ለጠረጴዛ ብቻ አይደለም። በኪሳችን ለያዝነው ስልክም፣ እኔ ቢሮ ተቀምጬ ለምጽፈው ፕሮግራምም ይሠራል፤ ከሥሩ ማዕድን የሚቆፍር ሰው አለ።

ለመሄድ ካሰባችሁ፣ ወይም ቤት ከቀራችሁ

ላንካስተር በአንድ ቀን በእግር የምትዳረስ ከተማ ናት። ባቡር ጣቢያው፣ ግንቡ፣ የዳኞቹ ቤትና ወንዙ ሁሉም ይቀራረባሉ። ሙዚየሙ ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ ክፍት ስላልሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ቀኑን አጣሩ። ከልጆች ጋር ከሄዳችሁ መጀመሪያ ጠረጴዛውን፣ ከዚያ መታሰቢያውን ብታሳዩአቸው ይሻላል። በሁለቱ መካከል ያለው ቁልቁለት ለመነጋገር በቂ ጊዜ ይሰጣል።

መሄድ ካልቻላችሁ ደግሞ ቤታችሁ ያለው ጠረጴዛ ይበቃል። በሚቀጥለው በዓል ሲከፈት ሥሩን በስልካችሁ መብራት እዩት። ሐዲዱ እንጨት ነው ወይስ ብረት? ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ስንት ሴንቲሜትር ተደራርቦ ይቀራል? ችንካሮቹ ሁሉም አሉ? ተጨማሪውን ጣውላ እርጥበት ካለበት ምድር ቤት አውጡና ደረቅ ክፍል ውስጥ በጀርባው አስተኙት፤ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ዓመት ከቆየ ይጣመማል። ከዚያም ወላጆቻችሁን ጠረጴዛው መቼ እንደተገዛ፣ በመጀመሪያ የተዘረጋው ለማን እንደነበር ጠይቋቸው። አብዛኞቹ ወላጆች ዋጋውን ይረሳሉ፤ እንግዶቹን ግን በስማቸው ይጠሯቸዋል። የነገሯችሁን ስም በወረቀት ጻፉና ከጣውላው ሥር ለጥፉት።